ደወል የነበረው የመኪና እግር

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ሳልደርስ ነው የዳሩኝ፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ የተጣመመ ነው። ቢሆንም ይህን ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔው ብጽፈው ይሻላል፤ ፍርሃቱ የኔ ነበርና።

በጠላት ጊዜ ቤታችን ከሮብ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር። ከበረቱ ጎን፣ ከጭድ ክምር ሥር፣ መኪና ነበረን። መኪና ስል የሚሄድ አይምሰላችሁ። ያገሩ ጌታ ያስመጡት ነው። ያኔ አባይን የሚያሻግር የመኪና መንገድ ስላልነበረ ተፈታትቶ በሰው ትከሻ ነው ወደ ጎጃም የገባው፤ ተሸካሚዎቹን የመሩት አማቴ ነበሩ፣ ባለቤቴም ያኔ ጎረምሳ ሆነው ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ኋላ ጌታው አዲስ ሲያስመጡ አሮጌውን፣ በቅሎ እንደሚሸልሙ፣ ለአማቴ ሸለሟቸው። ጥቂት ጊዜ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። አማቴ ሲሞቱ ለባለቤቴ ተረፈ፤ ለኔ ደግሞ ዶሮዎቼ እንቁላል የሚጥሉበት ቤት ሆነ።

ጠላት ሲገባ ባለቤቴ አራቱንም እግሮቹን ፈቱና ከነገላው ጭድ አለበሱት። "እግር የሌለውን ነገር ማን ይወስደዋል" አሉ።

በዚያው ዓመት አንድ ያለኝን ወንድ ልጅ ተስቦ ያዘው። ሰባት ቀን ሰው መለየት አቃተው። የደብራችን ማርያም ያን ጊዜ የድንጋይ ደወል ብቻ ነበራት፤ ነፋስ ካለ ከወንዙ ወዲያ አይሰማም። እኔም ከደጇ ወድቄ "ልጄን ካዳንሽልኝ ደወል አገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ዳነ። ደወል ከየት ላምጣ? ከመኪናው እግሮች የአንዱ ጎማ አልቆ ከተጣለ ቆይቷል፤ ብረቱ ራቁቱን ነው። አንድ ቀን ስመታው እንደ ደወል ጮኸ። ኋላ ስሙ ቸርኬ መሆኑን ሰማሁ፤ ያኔ ለኔ የመኪና እግር ነው። በነጠላ ጠቅልዬ ወስጄ ለመምሬ፣ ለንስሐ አባታችን ሰጠሁና ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰቀለ።

ለባለቤቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አንዳንዴ ደወሉን ሲሰሙ "መልካም ብረት ነው፣ ከየት አገኙት?" ይላሉ። "ሰው ሰጥቷቸው ነው" እላለሁ። ደወል ቀና ብሎ የሚያይ ማን አለ።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው፣ በታኅሣሥ፣ ከእህል ማበራያው ላይ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። የሆነ ባንዳ "እነዚህ ለአርበኛ መኪና ደብቀዋል" ብሎ ነገር ሠርቶብን ነው። ባለቤቴና እኔ እየሮጥን ደብረ ማርቆስ ወረድን። በካምፑ በር ላይ ሻምበሉ፣ ጣሊያኑ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። አስተርጓሚው ቆሟል።

"ያባቴ ውርስ ነው፣ የሞተ መኪና ነው" አሉ ባለቤቴ።

አስተርጓሚው አስተላለፈና መለሰልን። "የሞተ ከሆነ ለምን ደበቃችሁት ይላል። እስከ እሑድ ድረስ ሞተሩ እየጮኸ እዚህ ካመጣችሁለት ውርስ ነው ብሎ ያምናችኋል፣ መኪናውን ይወስዳል፣ ልጁን ይለቃል። ካላመጣችሁ ልጁ ሰኞ ከሚሄዱት እስረኞች ጋር አባይን ይሻገራል።"

አባይን የተሻገሩት እስረኞች ሲመለሱ አይተን አናውቅም። አንድ ጣሳ ቤንዚን አሸከመንና ሄድን። ለጠላት መኪና መስጠት ነውር ነው ያሉኝም አልጠፉም። ልጅ የታሰረበት ይፍረደኝ።

ባለቤቴ መካኒክ አልነበሩም። የሚያውቁት መኪናው ከአባይ ማዶ ሲፈታና ደጀን ላይ ሲገጣጠም ያዩትን ነው። የአንዱንም ብረት ስም አያውቁም፤ የሚያውቁት ማን እንደተሸከመው ነው። ብረቶቹን ፈትተው ሰሌን ላይ ይደረድሩና "ይኼ የሸማኔው ሸክም ነው፣ ይኼ የሁለቱ ወንድማማች፣ ይኼ የዚያ የሚያነክሰው" ይላሉ። ሲገጥሙ የሰልፉን ተራ እያስታወሱ ነው። "ከሸማኔው ኋላ ማን ነበር? ያ ዘፋኙ። እንግዲህ ከዚህ ብረት ቀጥሎ የዘፋኙ ይገባል።" ሲገባላቸው ደግሞ ሰውየውን "እግዜር ይስጥህ" ይላሉ፣ ሞቶ እንኳ ቢሆን።

እግሮቹን ልናወጣ ጭዱን ገለጥነው። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አሉ። በመንሽ ጭዱን አመሱት። "አራተኛው የኔ ሸክም ነው። ከአባይ በረሃ እስከ ደጀን ያወጣሁት፣ ጠባሳው ትከሻዬ ላይ አለ። የት ሄደ?"

"ሁልጊዜ ሲጮህ ይሰሙታል" አልኩ።

መንሹን ይዘው ቆሙ። ቆይተው ጭዱ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ደግሞ ድምፁን አመሰግን ነበር።"

"አዎ።"

"ሁለት ጊዜ አመስግኛለሁ።"

"ሦስት ጊዜ ነው" አልኩ።

አልተቆጡኝም። "ሂጂና መልሰሽ አምጪ" ብቻ አሉኝ። እዚህ ላይ ነው የኔ ፍርሃት ከሻምበሉ ወደ እመቤቴ የዞረው። የስለቴን ዋጋ ተቀብያለሁ፤ ልጁ ድኖልኛል። ስለቱን ብመልሰው ልጁንስ መልሳ ብትወስደው? ደጀ ሰላሙ ሥር ደረስኩ። መምሬ ከጥላ ሥር ተቀምጠው የገና ጨዋታ ጥንግ የሚያህል እንጨት ይጠርባሉ። ነገርኳቸው።

"ስትሳይ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?" አሉኝ።

"ልጄን ካዳንሽልኝ ደወል አገባለሁ ብዬ።"

እንጨታቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። "እንግዲህ ልጅሽ ገና አልዳነም። ደወሉም ሥራውን አልጨረሰም። ሄዶ ይጨርስ።" ከዚያ ጣታቸውን አነሱብኝ። "ብቻውን ግን አይሄድም። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ አብሬው እሄዳለሁ።"

"መኪናው ላይ?"

"በእግሬማ በዚህ ጉልበቴ አልደርስበትም።"

ለራቁቱ ብረት ጎማ አልነበረንም። በውሃ የነከርነውን የበሬ ቆዳ እንደ ጠፍር ቀድደን ዙሪያውን ደራርበን ጠመጠምንና ፀሐይ ላይ አደረቅነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ያዘ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ቤት ያፈስ ነበር። በሰም ደፈኑት፣ የፈላ ውሃ አፍስሰው ሲሞክሩት ቀለጠ። "ተልባ ይጨምሩበት" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "መኪና ተልባ ይጠጣል?" ግን ተልባ ሲሞቅ እንዴት እንደሚዝለገለግ ከኔ በላይ ማን ያውቃል። አንድ ጣሳ ጨመርን፣ ቀዳዳውን ያዘው። ከዚያ በኋላ ሳያማክሩኝ ምንም አልነኩም።

የሚሽከረከረውን ብረት ሁሉ ቅቤ ቀባንለት። ጾመ ነቢያት ነበር። ጎረቤቴ ቅቤዬን ይዤ ስወጣ አይታ በአጥር ላይ "እሰይ፣ መኪናሽ ጣሊያን ቤት ሳይገባ ገና ከወዲሁ ጾም ፈታ" አለችኝ። ሳቅሁ፣ ልጄ ከተያዘ የመጀመሪያዬ ሳቅ ነው። ቅቤው ግን ስሕተት ነበር፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ከመኪናው ሥር አድሮ ሲልሰው አነጋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬዎቹ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ጎትተው ለቀቁት። ባለቤቴ ከፊት የሚሰካውን ብረት አሽከረከሩ፣ አሽከረከሩ። ሲያስነጥስ ሰማሁ። እንደገና አስነጠሰና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለቤቴ ዘለው ገቡ። እኔና መምሬ ከኋላ ነን፤ መምሬ ጥላቸውን ዘርግተዋል። ማቆሚያው ስለማይሠራ ከባድ ግንድ በገመድ አስረን ከኋላ አስጎትተናል። ከግንዱ ኋላ ውሾቹ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ያንቀጠቅጣል?" አሉኝ መምሬ።

"አላውቅም አባቴ፣ ገና ዛሬ መሳፈሬ ነው።"

"በይ ዝም ብለሽ ጸልዪ።"

ደህና ወረድን። ከደብረ ማርቆስ በፊት ካለው ወንዝ ስንደርስ ግን ያላሰብነው መጣ። ቆዳ ውሃ ሲነካው እንደሚላላ፣ ስንት ዘመን ጠፍር ስናላላ የኖርን ሰዎች፣ ረስተነዋል። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ጠፍሩ ተፈትቶ ይጎተታል፣ ውሾቹ ይቦጭቁታል። ባለቤቴ ቢያቆሙት ሞተሩ ዳግመኛ እንደማይነሳ ያውቃሉ። አላቆሙም። ራቁቱ ብረት ድንጋዩን እየመታ መጮህ ጀመረ። ልክ እንደ ደጀ ሰላሙ ባይሆንም ድምፁ ያው የራሱ ነው። ከተማ ስንገባ ከመንገዱ ዳር የነበሩ ሴቶች፣ ጥላ የያዙ ቄስ ሲያዩ፣ ደወል ሲሰሙ፣ ታቦት መስሏቸው እልል አሉ። መምሬ አላፈሩም፤ መስቀላቸውን አውጥተው ግራ ቀኝ ባረኩ።

የካምፑ በር ላይ ቆምን። ሞተሩ እየጮኸ ነው። ከፊቱ እንፋሎት ይወጣል። ሻምበሉ ዞረው፣ አሸተተውና አስተርጓሚውን ጠየቀ።

"ምንድን ነው የሚሸተው ይላል።"

"ተልባ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው እንዴት እንዳለው እንጃ፣ ሻምበሉ ሳቀ። እኔ ሳቁን አላየሁም፤ የማየው ከጀርባው ያለውን በር ነው። እጁን አወዛወዘ። በሩ ተከፈተና ልጄ ወጣ። ከስቷል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም፤ እጁን ይዤ ነበር፣ እሱንም የነገሩኝ ነው።

ልንሄድ ስንል መምሬ አስተርጓሚውን ጠሩት። "መኪናው የሱ ነው። ይህች እግር ግን የማርያም ናት፣ እሷን አንተውም በለው።"

አሁን ልጄን መልሶ ያስገባብኛል ብዬ እጁን ጠበቅ አደረግሁ። ሻምበሉ የተጣመመውን ብረት በጫማው ነካ አደረገው፣ "ውሰዱት" አለ። ለእሱ ምኑም አልነበረም።

ባለቤቴ ፈትተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፣ በዚያው በጠባሳው ላይ። ወንዙን ስንሻገር ልጄ ተቀበላቸው።

"እስር ቤቱ ውስጥ ሆኜ የኛን ደወል ሰማሁ" አለኝ ዳገቱን ስንጀምር። "ፈራሁ እማዬ። ተስቦው ተመልሶብኝ የምቃዥ መሰለኝ። ኋላ ከፍ እያለ ሲመጣ ግን፣ እናንተ ናችሁ ብዬ ተነሳሁ።"

ከኋላው እሄድ ነበር፣ ተረከዙን እያየሁ፤ ብረቱ ትከሻው ላይ ነው፣ ውሾቹም የቅቤውን ሽታ ይከተላሉ። መምሬ ከሁላችን ኋላ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ በመጣንበት መኪና መመለስ ይሻል ነበር እያሉ ያጉረመርማሉ።

በማግሥቱ መልሰን ሰቀልነው። ጥምም ስላለ ድምፁ እንደ ድሮው ጥርት አይልም፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። ባለቤቴ ከሥሩ ቆመው ቀና ብለው አዩትና "አሁን መልካም ብረት አይባልም" አሉ። እኔ ግን ሲደወል በሰማሁ ቁጥር ልጄ ያለበትን ዞር ብዬ አያለሁ። አለ።