ብርጭቆ ወረቀት የበላው ሰደፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚመረጠው በጣት ነበር። አያቴ አባባ ወልዴ እራት ከተበላ በኋላ ያንን ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ የእንጨቱን ሰደፍ ሞራ እየቀቡ፣ «ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳብሺ» ይሉኝ ነበር። ያኔ ቤቱን የሚያበራው አንድ ኩራዝና የምድጃው ፍም ስለነበር፣ ጭሱም ዓይኔን ስለሚለበልበው፣ ሳይነግሩኝም ጨፍኜ ነበር። ሰደፉ ላይ ጣቴ ያረፈበት ጠባሳ የዚያ ምሽት ተረት ነው። ጅብ የነከሰው አለ፤ አባባ ወንዝ ሞልቶባቸው እንደ መቅዘፊያ ሲቀዝፉበት የተሰነጠቀው አለ። ሰባት ጠባሳ፣ ሰባት ተረት። ጅቡ በእኔ አፍ ትንሽ አድጓል፣ አሁን በሬ ያህላል፤ ምን ላድርግ፣ ሁሉ ነገር ትልቅ ነው የሚባልበት ቴክሳስ ገብቶ ነው።

ብረቱ አገር ቤት ዝጎ ቀረ። ሰደፉን ግን በነጠላ ጠቅልዬ እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ድረስ አመጣሁት። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ምንድነው ቢለኝ፣ የሟች ባሌ ክራንች ነው ብዬ እንባዬን ለቀቅኩበት። ባሌ ከኋላዬ ሻንጣ እየገፋ ነበር።

ልጄን ያገባው ዳዊት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ እንደዚያ ያሉ የጥንት ጠመንጃዎችን ይሠራል። ሆቢ ነው ይላል። እሱ እንጨት ሲጠርብና ብረት ሲያጠቁር መኪናዋ ውጪ ፀሐይ ላይ ትጠበሳለች። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አንድ በጋ፣ «እማማ፣ ለሰደፍዎ አዲስ ብረት ልግጠምለት?» አለኝ። «ግጠም» አልኩት። ግጠም ብቻ! ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም!

በአራተኛው ቅዳሜ «ሰርፕራይዝ!» ብሎ አወጣልኝ። ሰደፉ እንደ ተላጨ ራስ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴም ተቆጥቷል።

«ጠባሳዎቹስ?»

«ሳንድ አደረግኳቸው። ያ ሁሉ ስክራች ነበረው እኮ! ሶ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

«ስክራች? አንተ ልጅ፣ አያቴን ነው የፋቅከው! ነገ የኔን የፊት መጨማደድ ስታይ በብርጭቆ ወረቀት ልትመጣብኝ ነው?»

«ኖ፣ እማማ፣ ማለቴ... እንዲያምርልዎ ብዬ ነው።»

«ማን አሳምርልኝ አለህ? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምላስህ ይቆረጣል?»

ልጄ ኮል ስታደርግ ወር ሙሉ አላነሳሁም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ይኼ ሁሉ እጅ የነካውን ነገር ቆሻሻ ነው ብሎ መፋቅ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ብረቱንስ ገጠመው፤ እጁ ሥራ ያውቃል፣ አልክድም። የልጅ ልጆቼ ተረት ሲሉኝ ግን ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አጋድሜ ጣቴን ስሰድ ያንሸራትተኛል። ለካ ተረቱን ይዞ የኖረው ጭንቅላቴ ሳይሆን ጣቴ ነው። አምስቱ እየተንገዳገዱም ቢሆን መጡልኝ። ሁለቱ አልመጡም፤ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ከጋራዡ ወለል ተጠርገው ሄደዋል። የሞራው ሽታ አለ፣ የፍሙ ሙቀት አለ፣ የአባባ ሳቅ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ተረቶች ግን የሉም። ተረቶቹ ሰባት መሆናቸውን ልጆቹ ስለሚያውቁ፣ የጎደሉትን ሁለቱን ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁላቸው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት እነሱን ነው። ይኼም ያናድደኛል።