ድፍረቱ አስር የሆነው ሰውዬ ወንዝ አልገባም አለ

ዛሬ ከሰዓት ጓደኛዬ ጌታሁን በጨዋታ መሀል ትንፋሽ አጠረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ተሰብስበን እንጫወታለን። እኔ ታሪክ እተርካለሁ፤ ሌሎቹ የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይናገራሉ። የሰውየው ጉልበትና ድፍረት ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ አደጋ ሲመጣ ይደፍር አይደፍር በዳይስ ይለያል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይደፍራል። (ዳይሱ ከእህቴ ሉዶ የተሰረቀ ነው፤ እስካሁን አልነቃችም።)

የጌታሁን ሰው አዳኝ ነው፤ ድፍረቱ ከአስር አስር። ዛሬ ወንዝ ዳር አደረስኩትና አዞ አወጣሁበት።

"አይገባም" አለ ጌታሁን።

"አስር ይዘህ ትፈራለህ እንዴ? ጣል!" አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ።

"ሰውዬው አይገባም አልኩህ!"

ሕግ ሕግ ነው ብዬ ራሴ ጣልኩለት። ስድስት ወጣ፤ ትልቁ ቁጥር። "በቃ ገብተሃል! አዞው እግርህን..." ብዬ ሳልጨርስ ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ከንፈሩ ነጣ። የሚሞትብኝ መሰለኝ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። አብራን የምትጫወተው ትዕግስት ናት ጭንቅላቱን ደግፋ፣ "ጌቱ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ ከእኔ ጋር" እያለች የመለሰችው።

ሲረጋጋ ነገረን። ልጅ እያለ አባቱ ከሙዝ ማሳቸው ወጥተው ኩልፎ ወንዝ ውስጥ ሲታጠቡ፣ ዓይኑ እያየ አዞ ወሰዳቸው። እሱ ዳር ቆሞ ነበር። ሦስት ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

አፍሬ "አስር" የሚለውን ልሰርዝ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተወው፤ ሰውዬው ደፋር ነው። ውሃ ይፈራል ብለህ ብቻ ጨምርበት።"

ጻፍኩለት።

እናንተስ፣ በጨዋታ መሀል ሳታውቁ የሰው ቁስል የነካችሁበት ቀን አለ? ምን አላችሁት?