ሸፊቃና አሮጌው ማድረቂያ

ሸፊቃ ሥራ ልትጀምር ስትል ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስራለች፤ ማሽን አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር አትወድም። ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ኤሌክትሪክ በቴክኒክና ሙያ ተማረች፣ የተቃጠለ ሞተር በሚጠቀለልበት ሱቅ እጇን አፍታታች፣ ከዚያ የማካሮኒ ፋብሪካው ቀጠራት። የጥገናው ጋሽ አየነው ጡረታ ሲወጣ አሮጌውን ማድረቂያ ለእሷ አስረከበ።

ማድረቂያው ቤት የሚያህል የብረት ክፍል ነው። እርጥቡ ማካሮኒ በአንድ በኩል ይገባል፣ ደርቆ በሌላው ይወጣል። የውጭ አየር የሚያስገቡ በሮች አሉት፤ እነዚህ በሮች በቀትር መዘጋት አለባቸው። የድሬ የቀትር አየር ማካሮኒውን ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወውና ይሰነጥቀዋል። በሮቹን የሚያዘው አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ የተጫነበት ፕሮግራም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ የመጣውን ዓለም አያውቅም። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያም ከተዘጋ ቆይቷል።

በግንቦት ሙቀት ኮምፒውተሩ ተቃጠለ።

ሥራ አስኪያጁ አለምብርሃን አዲስ ኮምፒውተር ገዛላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አይሸፋፍንም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ማድረቂያሽ ደህና ማካሮኒ ካላወጣ አሮጌውን የማምረቻ መስመር እዘጋዋለሁ» አላት።

«የሚያሽጉት ሴቶችስ?»

«የት ላድርጋቸው ሸፊቃ? አዲሱ መስመር ራሱ ነው የሚያሽገው።»

በአሮጌው መስመር በእጅ የሚያሽጉ ሴቶች አሉ። አንዷ የሸፊቃ ጎረቤት ፋዱማ ናት፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ሸፊቃ ወሬውን አልነገረቻትም። ፋዱማ ግን ሰምታዋለች።

የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ ተርፎ ነበር። ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ብትገለብጠው አዲሱ ዊንዶውስ አልከፍትም አለ። ስለዚህ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር ጫነች፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። እዚያ ውስጥ ኤክስፒውን ከነፕሮግራሙ አስነሳች። ቀጥሎ ኬብሉ መጣ። ከማድረቂያው የሚመጣው ገመድ ባለ ዘጠኝ ሹል ነው፣ አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ለእሱ የሚሆን ቀዳዳ የለውም። እዚያው ድሬ ታይዋን ከሚሉት ገበያ ሄዳ መቀየሪያ ገዛች። የመጀመሪያው አስመስለው የሠሩት ሆኖ ዊንዶውሱ አላውቀውም አለ። ሁለተኛው ሠራ። ስክሪኑ ላይ መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ።

«አቦ ተነሳ» አለች ለራሷ።

በማግስቱ የወጣው ማካሮኒ ሁሉ የተሰነጠቀ ነበር።

ማድረቂያውን አስቁማ የሙቀት መለኪያዎቹን ፈተሸች፣ ደህና ናቸው። የማራገቢያውን ማዞሪያ ቺንጋ አየች፣ ደህና ነው። በሮቹን ከኮምፒውተሩ ዝጉ ስትላቸው ይዘጋሉ፣ ክፈቱ ስትላቸው ይከፈታሉ። አስነስታው ሄደች፤ ደግሞ ሰነጠቀ። አለምብርሃን ከሳጥኑ አንድ እፍኝ አንስቶ በጣቱ ፈረካከሰው።

«ይሄን ለማን ልሽጥ?»

«ትንሽ ታገሰኝ።»

«እየታገስኩ ነው እኮ። ወሩ ነው የማይታገሰው።»

ሸፊቃ ምሳዋን የምትበላው ጥገና ክፍል ነው፤ እዚያ የኮምፕረሰሩ ጩኸት ሌላ ድምፅ አያሰማም። የዚያን ቀን ግን ከሴቶቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጠች። ፋዱማ ሳንቡሳ ከፍላ ሰጠቻት።

«ናያ ሸፊቃ፣ ሰውዬሽ ታሟል እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ማሽንሽ ነዋ። ከባልሽ ይልቅ እሱ ጋ አይደል የምትውይው?» ሴቶቹ ሳቁ። «ድሮ እኛ ለምሳ የምንነሳው በሮቹ ጓ ብለው ሲዘጉ ነበር። ወላሂ ሰዓት ለማወቅ ስልክ አይቼ አላውቅም። አሁን በምሳ ሰዓት ጸጥ ነው። ጓ የሚለው ጎህ ሲቀድ፣ ከሰርቪስ ስንወርድ ነው።»

«ጎህ ሲቀድ?»

«አንቺማ ከየት ትሰሚያለሽ፣ ሁለት ሰዓት ነው የምትገቢው። አለቃ ጠግቦ ይተኛል።»

ሸፊቃ የያዘችውን ሳንቡሳ ሳትጨርስ ተነሳች።

ፕሮግራሙን ከፈተች። በሮቹ 6:00 ላይ ተዘግተው 9:00 ላይ እንዲከፈቱ ተጽፏል። ይህንን መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ቀትር፣ ትክክል ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን የኮምፒውተሩን ሰዓት አየች። 12:20 ይላል። ሁላችንም እንደምናደርገው እሷም ይህን ስታይ አፏ «ስድስት ተኩል ሊሆን ነው» ይላል፤ ሳታስበው ነው የምትመነዝረው። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ግን በዚህ ሰዓት 6:20 ነበር የሚታየው። እሱንም ስድስት ብላ ነበር የምታነበው። ቁጥሮቹ የተለያዩ፣ ንባቧ አንድ። ፕሮግራሙ ግን አይመነዝርም፤ አዲሱ ኮምፒውተር የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በፈረንጁ ስድስት፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ ይዘጋል፤ በቀትር በሮቹ ወለል ብለው ይቆያሉ።

ወደ ጋሽ አየነው ደወለች። ከዚራ ሰፈር፣ ልጁ ቤት ነበር።

«ጋሼ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት በሐበሻ ሞልተኸው ነበር?»

«ታዲያ በማን ልሙላው?» አለ አየነው።

ውስጠኛው፣ አስመሳዩ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን ከውጭኛው ይቀዳል። ሸፊቃ መጀመሪያ መቅዳቱን ከለከለችው፤ ከዚያ የውስጡን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ውጭኛው በፈረንጅ፣ ውስጠኛው በድሬ። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ «የውስጡ ሰዓት የሐበሻ ነው፣ አትንኩ» ብላ ለጠፈች፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ሰውም ይመነዝራልና።

አዲስ ማካሮኒ አስገቡ። ደርቆ ሲወጣ አለምብርሃን ራሱ መጣ። አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አየው፣ ሰበረው፤ ጥርት ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሌላ ሰበረ። ሦስተኛውን አኘከው።

«አሽጉት» አለ።

«ዛሬን ብቻ ነው ወይስ?» አለች ፋዱማ፣ እጇን ከማሸጊያው ሳታነሳ።

«ማሽኑ በቃኝ እስኪል።»

«እሱ እንኳ በቃኝ አይልም፣ ከኛ ጋር ነው የለመደው።»

አለምብርሃን አንድ እፍኝ ማካሮኒ ኪሱ ከቶ ወጣ። ሴቶቹ ማሸጋቸውን ቀጠሉ። ቀትር ሲደርስ በሮቹ ጓ ብለው ተዘጉ፣ ፋዱማም ሽርጧን ፈትታ ለምሳ ተነሳች።