ለካናዳ የታጠበ ቡና

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለአገሬ ኢኮኖሚ የሚረባ ሥራ እንድሠራ ታዝዤ ነበር። የሆነውን ሌላ ሰው አጣፍጦ ከሚያወራብኝ እኔው ባወራው ይሻላል።

ስሜ ኃይለየሱስ ነው። ደጀን ተወልጄ አሰበ ተፈሪ የተመደብኩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ከአዲስ አበባ የመጣን ደብዳቤ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም መልስ የሚሰጥ ሰው እስኪገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነበር። በዚህ ሥራ ማንም አልተጎዳም።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ካናዳ ውስጥ የዓለም አገሮች ምርታቸውን የሚያሳዩበት ታላቅ ኤግዚቢሽን ስለሚከፈት፣ ከአካባቢው አሥር ኪሎ የተለቀመ ቡና ለናሙና ይላክ ይላል። አለቃዬ ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው “ቡና ትወድ የለ፣ አንተ ያዘው” አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን አሥር ኪሎውን ገዝቶ፣ ልኮ ይገላገል ነበር። እኔ ግን የአምስት ዓመቱን የልማት ዕቅድ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤያለሁ። ሁለተኛው ዕቅድ ሊያልቅ፣ ሦስተኛው ሊረቀቅ ነውና የአገሪቱ ዕጣ በእኔ አሥር ኪሎ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። ናሙናው ብቻውን አይሄድም፣ አጃቢ ያስፈልገዋል ብዬም ድሬዳዋ ወርጄ የካናዳን ብርድ የሚችል ወፍራም የሱፍ ካፖርት ገዛሁ። ሂድ ያለኝ ሰው አልነበረም።

በገበያ ቀን በደሳ ወደምትባለው የቡና ከተማ ወርጄ፣ ሣጥን ላይ ቆሜ ለቡና ገበሬዎች ንግግር አደረግሁ። “ኤግዚቢሽን ማለት የአገር ሱቅ መስኮት ነው። ፈረንጅ ቡናችሁን ይቀምሳል፤ ከቀመሰ ይገዛል፤ እሱ ሲገዛ የውጭ ምንዛሪ ይመጣል። በምንዛሪው መንገድና ፋብሪካ ይሠራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ዝናብ ብቻ እያየን የምንኖር ሰዎች አንሆንም” አልኳቸው። ከመጽሐፉ የቀነስኩት ቁጥሮቹን ብቻ ነው።

ከፊት ኦቦ አብዱልቃዲር የሚባሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ከአባታቸው የወረሷቸው መቶ ሃያ የቡና ዛፎች ነበሯቸው። የቡና ዋጋ ስለወረደባቸው በዚያ ዓመት ስልሳውን ነቅለው ጫት ሊተክሉ ቆርጠው ነበር።

“ጸሐፊ፣ የእኔ ቡና እዚያ አገር ይደርሳል?” አሉኝ።

“ይደርሳል።”

“ከደረሰ አልነቅልም። የአባቴ ነው፣ ዋላሂ መንቀል አልወድም። ግን ልጆች አሉኝ።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው ተሰብስቦ እያየኝ ዝም ማለት ግን አልችልበትም። “ካልደረሰ በገዛ እጄ አብሬዎት እነቅላለሁ” ብዬ ማልኩ። ገበያተኛው ሳቀ። እሳቸው “ቶሌ፣ እሺ” ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ባለቤታቸው ሰዓዲያ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና ወቅጠው፣ አንድ በአንድ ለቅመው አሥር ኪሎ ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ሳየው ቢጫ ነው፤ አቧራም ለብሷል። እኛ ቤት ቡና ሳይታጠብ እንግዳ ፊት አይቀርብም። የምናጥበው ልንቆላው ስንል መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን እንግዳው ዓለም በሙሉ ነው። ውሃ አስቀዳሁ።

ሚስቴ ሳህሊቱ በር ላይ ቆማ “ይሄ እኮ የሚላክ ነው እንጂ የሚቆላ አይደለም” አለችኝ።

“አንቺ ስለ ውጭ ንግድ ምን ታውቂያለሽ?” አልኳት።

በሦስት ውሃ አጠብኩት። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና በማግስቱ ጧት ስለሚነሳ ግማሽ ቀን ብቻ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ጣሳ ውስጥ ከትቼ፣ አየር እንኳ እንዳይገባ ክዳኑን በብረት በያጅ አስበየድኩት። ማኅተም ስመታበት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በታኅሣሥ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ፤ “ናሙናው ሻግቶ ስለተገኘ ተጥሎ በሌላ ተተክቷል” ይላል። ሳህሊቱ “አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል” አለች። ታጥቦ ጭቃ የሚለውን እኔው ጨመርኩበት። ደብዳቤውን ቁጥር ሰጥቼ ቆለፍኩት።

ከዚያ በኋላ በደሳ አልወረድኩም። ኦቦ አብዱልቃዲር በሹፌሮች “ደረሰ ወይ?” እያሉ ይልኩብኛል፤ እኔም “መርከብ ላይ ነው” እላለሁ። በመጋቢት “ዝናቡ መጥቷል፣ ሰው ሁሉ ጫት እየተከለ ነው፣ እኔ ግን አልነቀልኩም፣ ቃልህን ይዤ እጠብቃለሁ” የሚል መልእክት ደረሰኝ። ያን ቀን እህል አልበላሁም፤ በራሴ አፈርኩ።

በሚያዝያ ኤግዚቢሽኑ መከፈቱን ሰማሁ። በማግስቱ ጧት ካፖርቴን ለብሼ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁና ጓሯቸው ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“አጠብከው?” አሉኝ።

“አዎ።”

“በውሃ?”

“በሦስት ውሃ።”

ቤት ገብተው ሁለት ዶማ ይዘው ወጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ።

ካፖርቴን አጥሩ ጥግ ካለው ዛፍ ላይ ሰቅዬ ሦስት ቀን ነቀልኩ። ከብዕር ሌላ የማያውቀው መዳፌ በመጀመሪያው ቀን ተላጠ። የቡና ሥር ጠልቆ ይሄዳል፤ ሲበጠስ ደግሞ ድምፅ አለው። ኦቦ አብዱልቃዲር አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ከእያንዳንዱ ዛፍ በፊት ግንዱን በእጃቸው ዳሰስ ያደርጋሉ፤ ያኔ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከስልሳው የቀረው ካፖርቴ የተሰቀለበት የአጥር ጥግ ረድፍ ብቻ ነበር፤ አሥር ዛፍ። ዶማዬን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

“ይሄ ይቅር” አሉ።

“ለምን?”

“ሌላ ኤግዚቢሽን ይመጣ ይሆናል። ያኔ ሌላ ሰው ይልካሉ።”

ከዚያም ካፖርቴን ከቅርንጫፉ ላይ አንስተው ሰጡኝ።