መንገድ ያስቆመችው ሴትዮ

ከቡራዩ የወጣሁ ሌሊት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሚኒባሷን አስቁሜ ወረድኩ። በሩ ተቆልፏል። ባለቤቴ ኦቦ ቶሎሳ የተቀበረው ከአጥሩ ጥግ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጎንብሼ «ቶሎሳ፣ ልጅህ ጋ አቴና ደርሼ እመለሳለሁ» አልኩት። ሹፌሩ ክላክሱን ያንባርቃል።

ደርሼ እመለሳለሁ ያልኩት ይኸው ከረመ። እናንተዬ፣ የነሱ ክረምት በጥር ነው! የቡራዩን ብርድ ችዬ የኖርኩ ሴትዮ እዚህ ቤት ውስጥ በካፖርት እተኛለሁ። አከራያችን ማሞቂያውን አይለቅም። ልጄ ጫልቱ በቋንቋቸው ብትለምነው፣ «እናትሽ የአፍሪካ ሰው አይደለች? ሙቀቱን ይዛ አልመጣችም?» አላት።

በዚሁ ሰሞን ወንዱ ልጄ ገመቹ ከቡራዩ ደወለ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ አጥሩ ጥግ ያሉት መቃብሮች ተነስተው፣ አጽሙ ሁሉ ባንድ ጉድጓድ ይገባል ተብሏል። እንቅልፍ አጣሁ። አገሬ ስመለስ ቶሎሳን የቱ ጋ ቆሜ ነው የማለቅሰው?

ጫልቱ ሐዘኔንም ብርዴንም አይታ እሁድ ሙዚየም ወሰደችኝ። በነጻ ነው፣ ደግሞ ይሞቃል አለችኝ። እውነትም ይሞቃል። እኛ ደራርበን እንንቀጠቀጣለን፤ እዚያ የድንጋይ ሰዎች ራቁታቸውን ቆመው ማሞቂያ ተለቆላቸዋል። እኛ ጓሮ የምንጥለው የገንቦ ስባሪ በመስታወት ቤት ተቀምጦ መብራት በርቶለታል። የመኖሪያ ፈቃድ አሳድሱ የሚላቸው እንኳ የለ።

አንድ የመቃብር ድንጋይ ጋ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቆመ ባሏን እጅ ጨብጣለች። መሰነባበታቸው ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መሬት ቁጭ አልኩ።

ጠባቂዋ እየሮጠች መጣች። ያያ አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። አሞኝ እንደሆን ጫልቱን ጠየቀቻት። ጫልቱ እያፈረች ለቅሶ ደርሳ ነው አለቻት።

«ዘመድ ናቸው?»

«ጎረቤት ነኝ በያት» አልኩ።

ጠባቂዋ ስቃ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሴትዮዋ የተገኘችው መንገድ ሲቆፈር ነው አለችን። ድንጋዩና ገሉ ብቅ ሲል ቁፋሮው ቆመ፤ የተማሩ ሰዎች መጥተው በብሩሽ እየጠረጉ አወጧት፤ መንገዱም እስኪጨርሱ ጠበቀ።

«ለሞተ ሰው መንገድ ይቆማል?» ብዬ አስጠየቅኳት።

«ሕግ ነው» አለች።

እኛ አገር ግን ቤታችንን ሊያፈርስ የመጣው ግሬደር፣ ውስጥ ምሳ እየበላን እንኳ አልቆመም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለገመቹ ደወልኩ። «ገንቦ ስበርና አባትህ ራስጌ ቅበር። ገል ሲያዩ መቆፈሩን ያቆማሉ» አልኩት።

«ገንቦ አሁን ከየት ይመጣል፣ እማዬ? ያለን ጀሪካን ነው።»

«ጀሪካኑን ቅበራ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ ኋላ አንድ ነገር ሲያጓራ ሰማሁ። የት እንዳለ ጠየቅኩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነኝ አለ።

«የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«ባጃጅ ነው፣ እማዬ» አለኝ።

ሰበታ ተወልጄ፣ ቡራዩ ተድሬ፣ ስንቱን አገር በባጃጅ ዞሬያለሁ። ባጃጅ እንደዚያ አያጓራም።

«እሺ» አልኩት፣ «እዚያ ጥግ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይንዳ በልልኝ።»