ትብለጽ በር ላይ ያስነበበችው ቃለ ጉባኤ

እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ትብለጽን አላውቃትም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ ዋሽቷችኋል። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ስትሠራ የኖረችውም ከሰፈሩ ራስጌ ባለው ኮሌጅ፣ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዐይኗ አያይም። ጆሮዋ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ወደ ኮሌጁ የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን "ሀሎ፣ ማን ልበል?" ነበር። አንዴ የሰማችውን ድምፅ አትረሳም፤ ሰውን በሳሉ ትለየዋለች። የዛሬው ዲን ዶክተር ቃለአብ ሥራ ፍለጋ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የደወለ ዕለት ያገናኘችው እሷ ናት። ይህን እሱ ራሱ ያወራዋል እንጂ ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

በሥራዋ ላይ አንድ ግትርነት ነበራት። ደዋዩ ሚኒስትርም ይሁን የተማሪ እናት፣ መስመሩ ከተያዘ ተራ ይጠብቃል። አለቆች ተቆጥተዋታል፣ ለምነዋታል፣ ስጦታም አምጥተውላታል። እሷ ግን "ይጠብቁ፣ ከፊትዎ ሰው አለ" ብላ ትቀጥላለች።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምታደርገው አንድ ነገር ነው። በኮሌጁ ጓሮ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ ትወጣለች፣ ትሳለማለች፣ ከዚያ ፒያሳ ዘልቃ ባንኮኒ ተደግፋ ማኪያቶዋን ትጠጣለች። ማንም አይመራትም። በትሯን በቀኝ ይዛ፣ ግራ እጇን በኮሌጁ የድንጋይ ግንብ ላይ እያስኬደች ትወጣለች። ግንቡ የት ጋ እንደሚሻክር፣ የት ጋ ውሃ እንደሚያዥ፣ የት ጋ ሣር እንደበቀለበት እጇ ያውቀዋል። ሰው ክንዷን ሲይዛት አትወድም። ደግነቱን አትጠላም፣ መያዙን ነው የምትጠላው። ከዚህ ዓለም የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ያቺ ብቻዋን የምትሄድባት መንገድ ናት።

አንድ ማለዳ ታዲያ እጇ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ ቆርቆሮ ነካ። ዳበሰችው፤ በር ነው፤ ተቆልፏል።

"እትዬ ትብለጽ፣ ተዘግቷል እኮ" አለ ከወዲያ በኩል የኮሌጁ ጥበቃ አቡበከር። "ሌባ በዚህ በኩል እየገባ ኮምፒውተር ወሰደ። ዲኑ ከዛሬ ጀምሮ ማለፍ የለም ብለዋል።"

"ሌባው ተያዘ?"

"ኧረ አልተያዘም።"

"በሱ ፈንታ እኔ ተያዝኩ በለኛ" ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዋናው መንገድ ዙሪ የሚላት አልጠፋም። ዋናው መንገድ ፒያሳ ፈርሳ ስትሠራ ሰፍቷል፣ አምሯል፣ ማታ ማታ በመብራት ይንቆጠቆጣል። ለትብለጽ ግን እጇን የምታሳርፍበት ግድግዳ የለውም። እዚያ መሐል ስትቆም ሜዳ ላይ የተጣለች ያህል ይሰማታል።

ሰፈሩ እንደ ልማዱ ሽማግሌ ላከ። ልጅ ሲዳር ሽማግሌ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ ይኸው መንገድ ሲዘጋም ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። ዶክተር ቃለአብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው፣ አከበራቸው። ከዚያም መንገዱን መክፈት እንደማይችል፣ እትዬ ትብለጽ ግን እናቱ ማለት ስለሆኑ ለእሳቸው በሩ እንደሚከፈት ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ጦር ሜዳ ድል አድርገው የተመለሱ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

ትብለጽም ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል። በማግሥቱ አንኳኳች፣ አቡበከር ከፈተላት፣ ግንቧን ይዛ ወጣች።

ደስታው ግን አልሰነበተም። አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ከኋላዋ ሕፃን ያዘለች ሴት ተከትላት ልትገባ ስትል፣ አቡበከር "አንቺ አይደለሽም፣ እሳቸው ብቻ!" አለ። ሴትየዋ ዞረች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ቁልቁል ሲመለስ ትብለጽ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው። በሌላ ቀን ደግሞ በበሶብላ ሽታዋ የምታውቃት የቅመም ነጋዴ ዘንቢሏን ተሸክማ ተመለሰች። አቡበከር ለሶላት ሄዶ ከሆነ ትብለጽ ራሷ በዝናብ እያንኳኳች ትቆማለች። ሲመጣ ይቅርታ ይላታል፤ ልጁ ጨዋ ነው። የዚያን ሰሞን ማኪያቶው አልጥም አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በተራው ስታገናኝ ኖራ፣ ዛሬ ከሰው ሁሉ ፊት ቀድማ የምትገባው እሷ ሆነች። አፈረች።

"የተሳሳትነው ሽማግሌ የላክን ቀን ነው" አለቻት ለማክዳ። ማክዳ ጎረቤቷ ናት፤ ኮሌጁ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። "ሽማግሌ የሚላከው የሰው የሆነውን ነገር ለመለመን ነው። መንገዱ መች የነሱ ሆነ?"

"ታዲያ የእኛ ለመሆኑ ወረቀት አለን?"

"እኛ ጋማ የለም። መንግሥት ጋ አለ።"

ነገሩ ለማንም ምስጢር አልነበረም። ኮሌጁ ሲስፋፋ የሰፈሩን ኳስ ሜዳ ያገኘው ቀበሌው ነዋሪውን ሰብስቦ፣ እጅ አስወጥቶለት ነው። ሰዉም ሜዳውን የለቀቀው መንገዱ እንዳይነካ አስይዞ ነው። ዕድሜ ጠገቦቹን ብትጠይቋቸው "ተነጋግረን ነበር እኮ!" ብለው ይተክዛሉ። ቃለ ጉባኤ እንደተያዘም ያስታውሳሉ። ያን ቃለ ጉባኤ ሄዶ ስጡኝ ማለት እንደሚቻል ግን አንዳቸውም አላሰቡም። የመንግሥት መዝገብ የመንግሥት ነው ብለው ነው የኖሩት።

ማክዳ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠች፣ ትብለጽ ማመልከቻውን ታስጽፍ ጀመር።

"'በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ' ልበል?" አለች ማክዳ።

"እጠይቃለሁ በይ።"

የቀድሞው ቀበሌ ወረዳ ውስጥ ተጠቃሏል፣ የወረዳው አሮጌ ማህደር ደግሞ ወደ ክፍለ ከተማ ተልኳል፣ ከክፍለ ከተማው ከፊሉ ተመልሷል። ትብለጽ በየደረሰችበት መዝገብ ቤት ማመልከቻዋን ታስገባለች፣ በእጇ በሚቀረው ቅጂ ላይ "ገቢ" የሚለው ማኅተም ሲመታ በጆሮዋ ሳትሰማ አትወጣም። ያነጋገራትን ሁሉ "ማን ልበል?" ትላለች። በሚቀጥለው ስትመጣ ድምፁን ሰምታ በስሙ ትጠራዋለች፣ ጉንፋኑ እንደተሻለው ትጠይቀዋለች። በስምህ ከጠራችህ በኋላ "ነገ ተመለሺ" ማለት ይከብዳል። የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ገነነ አንዴ ስትገባ ድምፁን አጥፍቶ የሌለ ሊመስል ሞክሮ ነበር። "ገነነ፣ ወንበርህ ሲንቋቋ ሰምቼሃለሁ" አለችው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ ገነነም ሳቀና ከዚያ ቀን ወዲህ የእሷ ሰው ሆነ።

ወሬው ግን ኮሌጁ ደረሰ። ዶክተር ቃለአብ ቅር አለው። እናቴ ብሎ በሩን የከፈተላት ሴት ሰነድ ልታወጣበት በየቢሮው እንደምትዞር ሲሰማ "በሕግ ካሉማ በሕግ ይለቅ። እስከዚያ ለማንም እንዳትከፍት" ብሎ አቡበከርን አዘዘው። ትብለጽ በማግሥቱ ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ከወዲያ በኩል የአቡበከርን ትንፋሽ ትሰማለች፤ እሱም መስማቷን ያውቃል።

ጎረቤት አጉረመረመባት። "ያገኘሽውንም አጣሽው፤ ምን አጋፋሽ?" አሏት። ማክዳ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ክንዷን ይዛ በዋናው መንገድ ጊዮርጊስ ታደርሳት ጀመር። ታደርሳታለች፣ ቶሎ ቶሎ ትመልሳታለች፣ ማኪያቶ የሚባል የለም። ማክዳ በእሷ ምክንያት ሱቋን እያረፈደች መሆኑን ትብለጽ ስታውቅ መሄዱን ተወችው። አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የጊዮርጊስን ቅዳሴ በድምፅ ማጉያው ከሩቅ እየሰማች አለቀሰች። ምናለ ያቺን በር ይዤ ዝም ባልኩ አለች ለራሷ። እውነቷን ነበር ያለችው። በነጋው ግን ማክዳን አስነሥታ ገነነ ጋ ሄደች።

ገነነ እሷ ሳታውቅ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲያገላብጥ ሰንብቶ ኖሯል። በሲባጎ ከታሰሩት የቀበሌ ወረቀቶች ውስጥ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመትቶ ጠበቃት። እጇ ላይ ሲያደርግላት አቧራው አሁንም ያስነጥሰው ነበር።

"ላንብብልዎት?"

"መንገዱ አለበት?"

"አለበት እትዬ።"

"እንግዲያው አታንብብልኝ። የሚያነብልኝ ሰው አለ።"

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ልጅ የሚያደርሰው በቆርቆሮው በር አጠገብ ዞሮ በሚያልፍበት ሰዓት ትብለጽ እዚያ ቆማ አቡበከርን ዲኑን እንዲጠራላት ጠየቀችው። የሚያልፈው ሰው ይቆም ጀመር። ዶክተር ቃለአብ ወጣ። ፊቱን ባታየውም ጉሮሮውን ሲጠርግ ቅር እንዳለው አወቀች።

"ዶክተር፣ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ቢያነቡልኝ።"

ማየት የተሳናት ሴት አንብቡልኝ ብላ ወረቀት ስትዘረጋ እንዴት እንቢ ይባላል? ተቀበላት። የመጀመሪያውን መስመር በለሆሳስ ጀመረ።

"ጮክ ይበሉ ዶክተር፣ መስመሩ አይሰማም" አለችው።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም ሳያስበው ፈገግ አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። የስብሰባውን ቀን አነበበ፣ የተገኙትን አነበበ። ከዚያ፣ "ነዋሪው የኳስ ሜዳውን ለኮሌጁ ሲለቅ፣ ወደ ጊዮርጊስ የሚያወጣው የእግር መንገድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" የሚለው ላይ ደረሰ። ከሥሩ የኮሌጁ ተወካይ ፊርማ ነበረ። እሱንም አነበበው፤ ይህን ሳይደብቅ ማንበቡን ትብለጽ እስከ ዛሬ ታመሰግንለታለች።



"ይህን አላውቅም ነበር" አለ ዶክተር ቃለአብ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ፣ "እርስዎ ግን ተከፍቶልዎት ነበር። ምን አጎደልኩብዎት?"

"ምንም አላጎደሉብኝም" አለችው። "ግን ዶክተር፣ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ አንኳክቼ አላውቅም ነበር።"

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት። ጉዳዩን ለኮሌጁ ቦርድ ራሱ እንደሚያቀርብ፣ እስከዚያ በሩ እንደማይዘጋ ለአቡበከር ጮክ ብሎ ነገረው። ቆርቆሮው እየተንሿሿ ተከፈተ።

አቡበከር በደስታ ሮጦ ክንዷን ያዘ። "ይግቡ እትዬ፣ ይቅደሙ!"

"ተወኝ የኔ ልጅ፣ ከፊቴ ሰው አለ" አለችው። ጠጋ ብላ ግንቡን ተደገፈችና አሳለፈቻቸው። የተማሪዎቹ ጫማ አለፈ፣ የበሶብላው ሽታ አለፈ፣ ያ ነጠላ ጫማ ከነሕፃኑ አለፈ። እርምጃው ሁሉ ሽቅብ ከራቀ በኋላ ግራ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ በተራዋ ብቻዋን ወጣች።