ብልቃጡን አልደበቅኩትም

ይህ የገጠመኝ አምና ሰመር ሊያበቃ ሲል፣ ዋይትሆል ከተማ በምንኖርበት አፓርትመንት ነው። ሳስበው ዛሬም ያስደነግጠኛል፤ ቢሆንም ለሰው ማውራት ደስ ይለኛል።

የምሠራው እዚያው አቅራቢያ ኦቤትስ፣ ዌርሃውስ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በረንዳዬ ላይ በትልልቅ ባልዲ የሽፈራው ተክል አበቅላለሁ። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አደርቅና በቡና መፍጫ ፈጭቼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ባዶ ካፕሱል እየገዛሁ እሞላና በብልቃጥ አስቀምጠዋለሁ። የጀመርኩት ባለቤቴ የቅጠሉን ምሬት ስለማይችለው ነው። እጄ ሲፈታ ጓደኞቼም ይጠይቁኝ ጀመር።

ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ይማም የስኳር ሕመም አለባቸው። "ለእኔም ስጪኝ እንጂ" ሲሉኝ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የስኳር ክኒን ይወስዳሉ። ሽፈራውም ስኳር ያወርዳል ይባላል። መጀመሪያ ዶክተርዎን ይጠይቁ" አልኳቸው። ቅር አላቸው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብስ ላጥብ ወደ ላውንድሪው ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በእህታቸው ስም ጠሩኝ። ስኳራቸው እንደወረደ ጠረጠርኩ። ባለቤቴን ተጣርቼ ጁስ አስመጣሁና ቀስ እያልኩ አጠጣኋቸው። አምቡላንስ እንዲመጣም ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግኩ።

ጃኬታቸውን ሳወልቅላቸው ከኪሳቸው የእኔ ብልቃጥ ወደቀ። በራሴ ጽሕፈት "ሽፈራው" ይላል።

ባለቤቴ አቀረቀረ። "ሲለምኑኝ ሰጠኋቸው። አንቺ እምቢ እንዳልሻቸው አላወቅኩም" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በእናትሽ፣ እንዳትናገሪ። እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት ፈቃድ የለሽም፤ መዘዝ ይመጣብናል" አለ።

ፈራሁ። ሥራዬን አሰብኩ፤ ልጆቼን አሰብኩ። አምቡላንሱ ሲደርስ ግን ብልቃጡን አብራው ለመጣችው የሕክምና ባለሙያ ሰጠኋትና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሽፈራው ቅጠል ብቻ ነው። እሳቸው የስኳር ክኒንም ይወስዳሉ" አልኳት። ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፤ በጣም ወርዶ ነበር። ብልቃጡን ይዛ አብራቸው ሄደች።

ሆስፒታል ያየቻቸው ዶክተር ቁርስ ሳይበሉ ክኒኑን መዋጣቸው እንደጎዳቸው፣ ቅጠሉም ሊያባብስባቸው እንደሚችል ነገረችን። "ባትነግሪን ኖሮ ቤታቸው ተመልሰው እንደገና ይወስዱት ነበር" አለችኝ። ማንም አልከሰሰኝም።

ሲሻላቸው ጋሼ እጄን ያዙ። "ዘይነብ፣ እኔ ተደብቄሽ ወሰድኩ። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ ራስሽን አጋለጥሽ" አሉኝ። ባለቤቴ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ወደ ቤት ስንነዳ፣ "እኔ ብሆን አልናገርም ነበር" አለኝ። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ አድናቆት በቀላሉ አይወጣም።

አሁን ካፕሱሉን የምሠራው ለቤታችን ብቻ ነው። ሙያዬን እወደዋለሁ፤ ካፕሱሎቹ እኩል ሞልተው ሳያቸው ደስ ይለኛል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያኮራኝ ግን እየፈራሁም ቢሆን እውነቱን መናገሬ ነው።